ጭስ ጠቋሚ ወይስ ሙቀት ጠቋሚ? እሳቱ ስንት ሲደርስ ነው የሚጮኸው?

ሥራዬ የእሳት ማንቂያ መዘርጋት ነው። ደውሎ የሚያማክረኝ ሰው ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው፦ «ከስሞክ ዲቴክተርና ከሂት ዲቴክተር የቱ ይሻላል?» እኔም ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ። እዚያ ክፍል የሚተኛው ማነው? ልጅ ነው? አዛውንት ናቸው? ወይስ ማንም የማያድርበት መጋዘን ነው? እሳቱ ምን ያህል ከበረታ በኋላ ቢነገርህ ትደርስበታለህ?

እንዲህ የምጠይቀው ሁለቱም ስለሚጮሁ ነው። ጊዜው ይለያይ እንጂ እሳቱ ከቀጠለ መጮሃቸው አይቀርም። ልዩነቱ ሲጮሁ ከመኝታ ተነስታችሁ የምታገኙት እሳት ነው። በአንዱ ሶፋው ጥግ ላይ የተያያዘ ነበልባል ታገኛላችሁ። በሌላው ሳሎኑን ሊውጥ የደረሰ እሳት። ደግነቱ ይህን ከመግዛታችሁ በፊት በካልኩሌተር መገመት ይቻላል። እኔም ጠቋሚዎችን የማወዳድረው በዚህ ሚዛን ነው።

መጀመሪያ ትውውቅ

ሙቀት ጠቋሚ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የተወሰነ ሙቀት ላይ ሲደርስ የሚጮህ ነው። በብዛት ገበያ ላይ ያለው 57 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው፤ ለሞቃት ቦታ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚሠራም አለ። ሁለተኛው የሙቀቱን ፍጥነት ይከታተላል። በደቂቃ ከ8.3 ዲግሪ በላይ እየጨመረ ከሆነ፣ ገና 40 ዲግሪ ላይም ቢሆን ይጮሃል። ብዙዎቹ ሁለቱንም አጣምረው ይዘዋል።

ጭስ ጠቋሚም እንዲሁ ሁለት ነው። አዮናይዜሽን የሚባለው ውስጡ ቅንጣት ታህል አሜሪሲየም 241 አለው። እሷ በሁለት ሳህኖች መሃል ያለውን አየር ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ታደርገዋለች። ጭስ ሲገባ ያ ጅረት ይቀንሳል፤ ጠቋሚውም ይጮሃል። ፎቶኤሌክትሪክ የሚባለው ደግሞ በብርሃን ይሠራል። ጨለማ ቤት ውስጥ በመስኮት ቀዳዳ የፀሐይ ጨረር ሲገባ አቧራው እየተንሳፈፈ ይታያል አይደል? ልክ እንደዚያ ነው። ጭሱ ብርሃኑን ሲበትነው ጎን ላይ የተቀመጠው ዳሳሽ ያየዋል።

አዮናይዜሽን በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ብናኞችን ቶሎ ያገኛል። እነዚህ ከሚንበለበል እሳት የሚወጡ ናቸው። ፎቶኤሌክትሪክ ደግሞ ውስጥ ለውስጥ ከሚጨስ ነገር የሚወጣውን ወፈር ያለ ጭስ ቶሎ ያያል።

አንድ ሶፋ እናቃጥል፣ በወረቀት ላይ

አሁን ወደ ስሌቱ። እሳት ሲነሳ ትኩስ አየር ወደ ላይ ይወጣል። ኮርኒሱን ይመታና ወደ ጎን ይሸሻል። ጠቋሚው የሚያገኘው ይህን የሚሸሽ አየር ነው። ሮናልድ አልፐርት የተባለ፣ ፋክትሪ ሚውቹዋል የሚባለው የአሜሪካ ኢንሹራንስ ድርጅት ተመራማሪ በ1972 የዚህን አየር ሙቀትና ፍጥነት የሚሰጥ ቀመር አወጣ። የሚፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የእሳቱ ኃይል፣ ከእሳቱ እስከ ኮርኒሱ ያለው ከፍታ፣ ከእሳቱ እስከ ጠቋሚው ያለው አግድም ርቀት። ከ50 ዓመት በኋላ ዛሬም እንጠቀምበታለን።

እሳት ግን ባለበት አይቆምም። ስለዚህ ባለሙያዎች የእሳት እድገትን በአራት መድበውታል። ወደ 1 ሺህ ኪሎዋት ለመድረስ ዝግተኛው 600 ሴኮንድ፣ መካከለኛው 300፣ ፈጣኑ 150፣ እጅግ ፈጣኑ 75 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በሁሉም ጊዜው እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። አንድ ደቂቃ ማርፈድ ያን ያህል ዋጋ የሚያስከፍለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ተራ ሳሎን ውሰዱ። ከእሳቱ እስከ ኮርኒሱ 2.5 ሜትር ይሁን። ጠቋሚው በአግድም 3 ሜትር ይራቅ። ክፍሉ 22 ዲግሪ ነው። እሳቱ መካከለኛ ነው።

ጭስ ጠቋሚውን እናስቀድም። ጭስ በሙቀት አይለካም። ሆኖም በ1970ዎቹ ከተደረጉ ሙከራዎች የመጣ አንድ የቆየ ልማድ አለ፦ ጠቋሚው ጋ ያለው አየር ከክፍሉ በ13 ዲግሪ ሲሞቅ ጭስ ጠቋሚው ይጮሃል ብሎ መገመት። ቀመሩ ውስጥ ስናስገባው እሳቱ 45 ኪሎዋት ሲደርስ ነው የሚጮኸው። ጊዜው 62 ሴኮንድ ነው።

45 ኪሎዋት ስንት ነው? የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ 13 ምጣድ አንድ ላይ እንደ ማለት ነው። ቀላል እሳት አይደለም። ግን ከሱ ሸሽቶ መውጣት ይቻላል።

አሁን በዚያው ቦታ የ57 ዲግሪውን ሙቀት ጠቋሚ ስቀሉ። አየሩ 57 ዲግሪ የሚደርሰው በ130ኛው ሴኮንድ ነው። ጠቋሚው ግን ያኔ አይጮህም። እሱ ራሱ መሞቅ አለበት። ስስ ጣሳ እሳት ላይ ሲጣድ ወዲያው ይግላል፤ ወፍራም ብረት ምጣድ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ጠቋሚዎችም እንደዚያው ናቸው። ይህን መዘግየት የሚለካው ቁጥር አርቲአይ ይባላል፤ ያስተዋወቀው ጉናር ሄስከስታድ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ጠቋሚው ፈጣን ነው። አርቲአዩ 50 ለሆነ ጠቋሚ ስሌቱን ስሠራው 181 ሴኮንድ መጣልኝ። አርቲአዩ 100 ከሆነ 216 ሴኮንድ።

ሰዓቱን ተዉትና እሳቱን እዩ። በ181ኛው ሴኮንድ እሳቱ 384 ኪሎዋት ደርሷል። ከ100 በላይ ምጣድ ማለት ነው። በ216ኛው 547 ኪሎዋት ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ሶፋ፣ አንድ ቦታ ላይ የተሰቀሉ ጠቋሚዎች ናቸው። በጭስ ጠቋሚውና በሙቀት ጠቋሚው መሃል ያለው ሁለት ደቂቃ እሳቱን ከስምንት እጥፍ በላይ አሳደገው።

ይህን ከሌላ ቁጥር ጎን አስቀምጡት። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2004 ባወጣው የቤት ሙከራ፣ ነበልባል ካለው እሳት ለማምለጥ የሚገኘው ጊዜ እስከ 3 ደቂቃ መውረዱን አሳይቷል። በ1970ዎቹ በተደረገው ተመሳሳይ ሙከራ 17 ደቂቃ ገደማ ነበር። የዛሬ ሶፋና ፍራሽ በስፖንጅና በሰው ሠራሽ ጨርቅ የተሞላ ስለሆነ በፍጥነት ይነዳል። ስለዚህ መኝታ ቤት ወይም ወደ መኝታ ቤት በሚወስድ ኮሪደር ላይ ሙቀት ጠቋሚ ብቻ ስቀልልን ስትሉኝ እምቢ እላለሁ። በዋጋም ቢሆን፣ በጩኸት መሰላቸትም ቢሆን፣ በዚህ አልደራደርም።

የፍጥነት ጠቋሚውስ? በዚሁ ስሌት የጠቋሚው አካል በደቂቃ 8.3 ዲግሪ መጨመር የሚጀምረው ከአንድ ደቂቃ ትንሽ አለፍ ሲል ነው። ከጭስ ጠቋሚው ጋር ተቀራረበ ማለት ነው። እውነተኛው ዕቃ ግን ጭማሪው ጥቂት እስኪጸና ይጠብቃል፤ ስለዚህ ይህን «ቢፈጥን ቢፈጥን» ብላችሁ ያዙት። እሳቱ ዝግተኛ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ላይሰማው ይችላል። ሙቀት ጠቋሚ መግዛታችሁ ግድ ከሆነ፣ ቦታው እስከፈቀደ ድረስ ሁለቱን ያጣመረውን ውሰዱ።

ኮርኒሱ ከፍ ሲል

ያንኑ ስሌት ከእሳቱ እስከ ኮርኒሱ 5 ሜትር አድርጌ ደገምኩት። ጭስ ጠቋሚው በ104 ሴኮንድ፣ በ126 ኪሎዋት ይጮሃል። ሙቀት ጠቋሚው በ258 ሴኮንድ፣ በ780 ኪሎዋት። አዳራሽ፣ መጋዘን፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተራ ሙቀት ጠቋሚ ሰቅሎ «እሳት ማንቂያ አለን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ይታያል። ሲጮህ ዕቃው አልቋል።

አገር ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የቆርቆሮ ጣሪያ ቀትር ላይ እንደ ምጣድ ይግላል። ከሥሩ ትኩስ አየር ይከማቻል። ከታች የሚወጣው ጭስ በመንገዱ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ያን ትኩስ አየር ሰንጥቆ ማለፍ ያቅተዋል። መሃል ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። ጣሪያው ላይ ያለው ጠቋሚ ምንም አላየም፤ ሰው ግን በጭስ ታፍኗል። እንዲህ ላለ ቦታ እኔ የምመርጠው ቢም ዲቴክተር ነው። ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ጨረር ይልካል፤ ጭሱ ጨረሩን ሲጋርደው ይጮሃል። ከጣሪያው ዝቅ ተደርጎም ሊገጠም ይችላል። አየር በቧንቧ እየሳበ የሚመረምረው አስፒሬቲንግ ከሁሉም በላይ ንቁ ነው፤ ዋጋውና ጥገናው ግን ለሰርቨር ክፍልና ለውድ ንብረት ካልሆነ አያዋጣም።

ለሙቀት ጠቋሚ አንድ ሕግ አትርሱ። የሚጮህበት ሙቀት፣ ኮርኒሱ በተለምዶ ከሚደርስበት ከፍተኛ ሙቀት ቢያንስ በ11 ዲግሪ መብለጥ አለበት። ድሬዳዋ፣ አፋር ወይም ገልፍ አገሮች ያለ ማቀዝቀዣ የሌለው መጋዘን ውስጥ የ57 ዲግሪውን ብትሰቅሉ ያለ እሳት ሊጮህ ይችላል። እዚያ 90 ገደማውን ነው የምትወስዱት። ያኔ ግን ስሌቱን እንደገና ሥሩ፤ ጊዜው ይረዝማል።

ስሌቱ የማያየው እሳት

እስካሁን ያወራነው ስለሚንበለበል እሳት ነው። ሲጋራ ፍራሽ ላይ ወድቆ ሌሊቱን ሙሉ ሲጨስ ቢያድርስ? አልጋ ሥር የተቀመጠ ረመጥ ብርድ ልብሱን ውስጥ ለውስጥ ቢበላውስ? እዚህ ሙቀት የለም ማለት ይቻላል። የ13 ዲግሪው ልማድ አይሠራም። ጭሱ ቀዝቃዛና ሰነፍ ነው፤ ወደ ጠቋሚው ሆድ ለመግባት እንኳ ጉልበት ያጥረዋል። ሙቀት ጠቋሚው፣ የፍጥነቱም ቢሆን፣ እሳቱ እስኪነበልበል ዝም ይላል።

የኒስት ሙከራ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። ነበልባል ላይ አዮናይዜሽን በጥቂቱ ይቀድማል። ውስጥ ለውስጥ በሚጨስ እሳት ግን ፎቶኤሌክትሪክ ብዙውን ጊዜ በጣም ቀድሞ ይጮሃል። የእኔ ሚዛን ወደ ፎቶኤሌክትሪክ ያጋደለው በዚህ ነው። በአንዱ የምታጡት ትንሽ ነው፤ በሌላው የምታተርፉት ብዙ። ሁለቱንም የያዘ ጥምር ጠቋሚ ካገኛችሁ ደግሞ የተሻለ።

ከሰል ለሚያነዱ አንድ ነገር ላስረግጥ። የከሰል ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይታይም፣ አይሸትም። ጭስ ጠቋሚም ሙቀት ጠቋሚም አያገኘውም። የራሱ ጠቋሚ አለው፤ ለብቻው ግዙ።

ወጥ ቤትና ቡና

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አክስቴ ቤት ሄጄ ነበር። እሁድ ነው። ሣሩ ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱ ቀርቧል። ቡናው ብረት ምጣዱ ላይ መንጣጣት ሲጀምር ኮርኒሱ ላይ ያለው ጠቋሚ አለቀሰ። አክስቴ አልደነገጠችም። ወንበር ሳበች፣ ወጣች፣ ባትሪውን አወጣችና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። መሳቢያውን ስከፍተው ሌሎች ሁለት ባትሪዎች አገኘሁ። «ቡና በተቆላ ቁጥር ይጮሃል፣ ምን ላድርገው?» አለችኝ። ፎቅ ላይ ሁለት የልጅ ልጆቿ ተኝተዋል።

በጣም ነው የከፋኝ። አክስቴ ቸልተኛ አይደለችም። ጠቋሚው ቦታው ስህተት ነበር፤ ከምድጃው አንድ ሜትር ተኩል አይርቅም። ያውም አዮናይዜሽን ነበር፤ እሱ ደግሞ ከምግብ ማብሰያ የሚወጡ ደቃቅ ብናኞችን አብዝቶ ይፈራል። በስሌት ረገድ 30 ሴኮንድ የሚፈጥን ጠቋሚ፣ ባትሪው መሳቢያ ውስጥ ካደረ የምላሽ ጊዜው ማለቂያ የለውም። ስለዚህ ሳማርጥ ሁለት ነገር አያለሁ፦ ምን ያህል ይፈጥናል፣ ቤተሰቡስ ተስማምቶት ይኖራል ወይ?

ለወጥ ቤት መልሱ ሙቀት ጠቋሚ ነው። ስኮትላንድ ከየካቲት 2022 ጀምሮ ይህን በሕግ አስቀምጣለች፦ ሳሎን ውስጥ አንድ ጭስ ጠቋሚ፣ በየኮሪደሩና በየፎቁ መድረሻ አንድ አንድ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሙቀት ጠቋሚ፤ ሁሉም እርስ በርስ የተያያዙ፣ አንዱ ሲጮህ ሁሉም የሚጮሁ። ካየኋቸው አደረጃጀቶች ለተራ ቤተሰብ ይህን አስቀድማለሁ። የወጥ ቤቱ ጠቋሚ ዘገምተኛ ቢሆንም ኮሪደሩ ላይ ያለው ጭስ ጠቋሚ ይደግፈዋል።

የኛ ወጥ ቤት ግን የራሱ ጠባይ አለው። እንጀራ ሲወጣ አክንባሎው ሲነሳ የእንፋሎት ደመና ወደ ላይ ይፈነዳል። የፍጥነት ጠቋሚ ከምጣዱ በላይ ከሆነ ያን እንደ እሳት ይቆጥረዋል። እዚያ የተወሰነ ሙቀት ላይ የሚጮኸውን ምረጡ። እንፋሎት ፎቶኤሌክትሪክንም ያሳስተዋል፤ ከምጣድም ከመታጠቢያ ቤት በርም አርቁት። ጭስ ጠቋሚ ከምድጃ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ዕጣን የምታጨሱበት ጥግም ከሥሩ አይሁን። አዲስ ስትገዙ ዩኤል 217 የተባለውን የአሜሪካ የጭስ ጠቋሚ ደረጃ፣ 8ኛ ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ እትም የሚለውን ፈልጉ፤ የምግብ ጭስን ከእሳት ጭስ የመለየት ፈተና ያለፈ ነው።

ስሌቱን በምን እንሥራው?

ለመኖሪያ ቤት ስሌት አያስፈልጋችሁም። የአምራቹን የርቀት መመሪያ መከተል ይበቃል። እንደ ኤንኤፍፒኤ 72 (የአሜሪካ የእሳት ማንቂያ ደንብ) ያሉ ደረጃዎች ለስላሳ ኮርኒስ ላይ ጭስ ጠቋሚን በ9.1 ሜትር ልዩነት ያስቀምጣሉ።

ለመጋዘንና ለአዳራሽ ግን የርቀት ሠንጠረዥ ብቻውን አይበቃም። የአልፐርትን ቀመር በኤክሴል መሥራት ትችላላችሁ፤ እኔ ብዙ ጊዜ የማደርገው ይህንን ነው። በ1980ዎቹ ኒስት ያወጣው ዲታክት የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ያንኑ ይሠራል። የሁለቱም ድክመት አንድ ነው፤ ኮርኒሱን ለስላሳ፣ ክፍሉን ወሰን የለሽ አድርገው ያስባሉ። ትንሽ ክፍል ውስጥ ትኩስ አየር ስለሚታጠር እውነተኛው ሙቀት ጠቋሚ ከስሌቱ ቀድሞ ሊጮህ ይችላል። ወራጅ ያለበት ኮርኒስ ላይ ግን ጭሱ በወራጆቹ መሃል ይታገድና ስሌቱ ከልክ በላይ ተስፈኛ ይሆናል። በዚህኛው ነው የምፈራው።

ክፍሎች በበር ከተያያዙ ሲፋስት የተባለው የኒስት ፕሮግራም ይሻላል። ነፃ ነው፣ በደቂቃ ውስጥ ውጤት ይሰጣል። ወራጅ፣ ዘንበል ያለ ጣሪያ፣ ማራገቢያ ካለ ኤፍዲኤስ የተባለው፣ የጭሱንና የአየሩን ፍሰት በዝርዝር የሚያሰላ ፕሮግራም ያስፈልጋል። እሱም የኒስት ነው፣ እሱም ነፃ ነው፤ ግን አንድ ስሌት ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ በማያውቅ እጅ የሚያምር የተሳሳተ ሥዕል ይሰጣል። አማካሪ ባለቀለም ቪዲዮ ይዞላችሁ ከመጣ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «እሳቱን ምን ያህል ፈጣን አድርገህ ነው የወሰድከው?» የኔን ሳሎን በፈጣኑ ብሠራው ጭስ ጠቋሚው በ62 ሳይሆን በ31 ሴኮንድ ይጮሃል፤ ለማምለጥ የቀረው ጊዜም አብሮ ያጥራል። ከፕሮግራሙ ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው ይህ ግምት ነው።

ለጭስ ጠቋሚ ደግሞ የሴኮንዱን ቁጥር እንደ ቃል ኪዳን አትውሰዱት። 13 ዲግሪው የብዙ ዕቃዎች አማካይ ነው። እንጨትና ስፖንጅ እኩል አይጨሱም። እኔ አማራጮችን ለማወዳደር ነው የምጠቀምበት። በዚህ በኩል አሳፍሮኝ አያውቅም።

ከአክስቴ ቤት ከመመለሴ በፊት ፎቶኤሌክትሪክ ገዝተን ኮሪደሩ ላይ፣ ከምድጃው አራት ሜትር ርቀት ሰቀልነው። ፎቅ ላይ በልጆቹ መኝታ በር አጠገብ ሁለተኛ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሙቀት ጠቋሚ። ሦስቱም የተያያዙ ናቸው። ጀርባቸው ላይ የተተከሉበትን ቀን በማርከር ጻፍኩ፤ በ10 ዓመቱ ይቀየራሉ። በሚቀጥለው እሁድ ቡናው ተቆላ፣ ጭሱ ለእንግዳው ሁሉ ዞረ፣ ጠቋሚው ዝም አለ። አክስቴ ቀና ብላ አየችውና «ሞተ እንዴ?» አለች። መጥረጊያ እንጨት ሰጠኋት፣ የመሞከሪያውን ቁልፍ ጫነችው። ሦስቱም በአንድ ላይ ጮኹ። ልጆቹ ከፎቅ እየሮጡ ወረዱ።